ጅማ አምስት፦ የአንድ ጊታር መቺ የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ

መኪናችን ከአየር ጤና ተነስቶ ሰበታን ሳያልፍ ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። ኪቦርድ ነው። ከበሮውም ኪቦርድ፣ ቤዙም ኪቦርድ፣ ማሲንቆ የሚመስለውም ኪቦርድ። አንድ ሰው በአሥር ጣቱ ሙሉ ባንድ ሆኗል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ከዚህ ዕቃ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ምክንያቱን እሁድ ላይ እደርስበታለሁ።

ወደ ጅማ የምሄደው ለአንዲት ካሴት ነው። በቀደም የድሮው ድራመራችን ደወለ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ "ካሴቷ ተገኘች" አለኝ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩትም። በ1996 ዓ.ም. ቡና መጋዘን ውስጥ የቀዳናት ናት። ከዚያ በኋላ "አንተ ነህ የጣልካት"፣ "አንቺ ነሽ ያዋስሻት" እየተባባልን ስንት ጊዜ ተኳርፈንባታል።

ለማያውቅ ላስረዳ። በዚያ ዘመን ጅማ ውስጥ ፓንክ እንጫወት ነበር። "ፓንክ? ጅማ?" ብሎ የሚስቅ ይሳቅ። እኛም ስንጀምር ስሙን አናውቀውም። አጭር፣ ፈጣን፣ ጯሂ ዘፈን ነው፤ ከችሎታ ይልቅ ድፍረት ይፈልጋል። ባንዱ ውስጥ አራት ነበርን። ዙሪያችን ደግሞ ኬብል የሚሸከም፣ ግጥም የሚያመጣ፣ በር ላይ የሚጣላ፣ ምንም ሳይሠራ ሁሌ የማይቀር ልጅ ሞልቷል። የባንዱ ስም በየሳምንቱ ይቀየር ስለነበር አልጽፈውም። አንዱንም የሚያስታውስ የለም።

ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ። ወልቂጤ ላይ ክትፎ ሳይበሉ ማለፍ ነውር ነውና በላን። ከዚያ ጊቤ በረሃ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ተሳፋሪው ዝም ይላል። ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ወሬው እንደገና ይጀመራል። ይሄን ዝምታ እወደዋለሁ፤ ኪቦርዱም ቢሆን እዚያ ጋ ደከም ያለ መሰለኝ።

ሶኮሩን ካለፍን በኋላ የግልገል ጊቤ ግድብ ነገር ትዝ አለኝ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው ሥራ የጀመረው። እኛ በምንለማመድበት ጊዜ በአቅራቢያችን ግድብ እየተገነባ፣ እኛ ደግሞ መብራት መቼ ይመጣል እያልን ሻማ ይዘን እንጠብቃለን። ብዙዎቹ ዘፈኖቻችን ሁለት ደቂቃ የማይሞሉት በፓንክ ሕግ ብቻ አይደለም። መብራቱ ሳይሄድ ለመጨረስ ነው።

አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ጅማ። ዝናብ። ድራመሩ መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አሁን የባጃጅ ጥገና ቤት አለው። ሆዱ ወጥቷል፤ እጁ ግን ያው ነው። እያወራ መሪውን በጣቱ ይመታል። "ካሴቷስ?" አልኩት። "ቀስ በል፣ መጀመሪያ ብላ" አለኝ።

ሐሙስ

ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው። ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያው የታወቀ ነው፤ ያኔ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይመጣበት ነበር። ዛሬም ማሩ፣ በርበሬው፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ፣ ሰልባጁ፣ ሁሉም አለ። ዝናቡ ጭቃውን አቡክቶታል። ድራመሩ ለባጃጅ ዕቃ ሲከራከር እኔ ወደ ካሴት ተራው ሄድኩ። ካሴት ተራ የለም። የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ነው የሚሸጠው።

ፓንክ ወደ እኛ የመጣው እዚህ ነው። አንድ ልጅ ከሻሸመኔ የሬጌ ካሴቶች እያመጣ ይሸጥ ነበር። ሽፋን የሌላት፣ ከሌላ ካሴት የተገለበጠች አንዲት ካሴት "የራስታዎች ናት" ብሎ ሰጠን። ገዛናት። ወደ ቤት ወስደን ስንከፍታት ጊታሩ እንደ እብድ ይሮጣል፣ ሰውዬው ይጮኻል፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ የገባን ቃል የለም። ድራመራችን "ቴፑ ተበላሽቷል፣ ላስቲኩ ጠብቆ ነው" አለና መፍቻ አምጥቶ ከፈተው። ላስቲኩን አወጣ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ሲከፍተው ቀስ ያለ ሬጌ መጣ። "ያውላችሁ፣ ሠራሁት!" ብሎ ደረቱን ነፋ። ሬጌው አለቀና ቀጣዩ ዘፈን ጭራሽ ባሰበት።

ባድ ብሬንስ ነበሩ። ዋሽንግተን ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃዝ ይጫወቱ የነበሩ፣ ኋላ ወደ ፓንክ የዞሩ፣ ከዚያም ራስተፈሪያን የሆኑ። የመጀመሪያ አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1982 በካሴት ብቻ ነው የወጣው። ሽፋኑን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ነው፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት በመብረቅ ሲመታ፣ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ነገሩን አስቡት። ባንዲራችን ዋሽንግተን ደርሶ፣ ጩኸት ተጨምሮበት፣ በሻሸመኔ ዞሮ ሂርማታ ገበያ ላይ ተሸጠልን።

ከዚያ ዕቃ ፍለጋ ጀመርን። ጊታሬ ደርግ ሲወድቅ የተበተነ የአንድ ቀበሌ ኪነት ቡድን ንብረት ነበረች። ክር ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትለን እናስገባላታለን። ቤዝ ጊታር ስላልነበረን ቤዝ ክራር ተጠቀምን። ከድሮ ስልክ እጀታ ውስጥ የምታዳምጥባትን ክፍል አውጥተን ሆዱ ላይ ለጠፍናት፤ ድምፁ ጆሮ ባይደላም ይሰማል። ድራሙ አንድ በርሜል፣ ሁለት ከበሮና የትሪ ክዳን ነው። ሞንታርቦ የምንከራየው ለሠርግ ከሚያከራይ ሰውዬ ነበር። አንዱ ስፒከር ተቀዶ ስለነበር በርካሽ ይሰጠናል። በሌላው ዓለም ሰው ያንን የተቀደደ ድምፅ ለማግኘት ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ ይገዛል። እኛ በቅናሽ አገኘነው።

ልብሱ ከሰልባጅ ተራ። ጃኬታችን ላይ መርፌ ቁልፍ ደረደርን። የድራመሩ እናት አንድ ቀን አዩትና "ልጄ፣ ቁልፍህ ተበጥሶ ነው? አምጣው እንጂ ልትከልልህ" አሉት። አወለቀና ሰጣቸው። በማግስቱ ጃኬቱ ባለ ስድስት ቁልፍ ሆኖ መጣ፤ ሁሉም የተለያየ ቀለም። ከዚያ በላይ ፓንክ የሆነ ጃኬት አይቼ አላውቅም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ወደ መጋዘኑ ሄድን።

መጋዘኑ የሐጂ ነበር፤ አላህ ይማራቸውና። አሁን የምትመራው ልጃቸው ናት። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ ታየን ነበር። ዛሬ ስልኳ አያርፍም። በአንድ ጆሮዋ ሹፌር ትቆጣለች፣ በሌላው እኛን ትሰማለች። ቡና አፈሉልን፤ ጤና አዳም ጣል አድርገውበት። በረንዳው ላይ ሴቶች ተደርድረው ቡና ይለቅማሉ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ለይተው ያወጣሉ። ውስጡ የጆንያና የቡና ሽታ ነው። ሽታው ምንም አልተለወጠም። እኔ ግን ቆሜ የማየው ጣሪያውን ነው። ቆርቆሮ። የጅማ ዝናብ ሲጀምር እዚያ ውስጥ መነጋገር አይቻልም ነበር፤ ሞንታርቦውን እስከ መጨረሻ ብንከፍተውም ዝናቡ ያሸንፈናል።

እንዴት ሰጡን? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቡና ነጋዴ ለአራት ጯሂ ልጆች መጋዘን በነፃ ይሰጣል ወይ?

የሰጡን መጋዘኑ ባዶ ስለነበር ነው። ነገሩ ይሄ ነው። እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ ቡና አምራችና ገዢ አገሮች በስምምነት ኮታ ነበራቸው። ያ ኮታ ፈረሰ። ቬትናም በጥቂት ዓመት ውስጥ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ አምራች ሆነች። ገበያው በቡና ተጥለቀለቀ። በ2001 መጨረሻ፣ በእኛ 1994 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ኒውዮርክ ላይ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ጅማ ዙሪያ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ለቅሞ ከማስመጣት ዛፍ ላይ ማድረቅ ይሻላል ያለም ነበር። ሐጂ ያንን ዓመት ብዙ አልገዙም። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሰው የለም፣ ጆንያ የለም፣ ሚዛኑ ሸረሪት አድርቶበታል።

ኋላ ስለ ፓንክ ሳነብ ያስገረመኝ ይሄ ነው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1975 ልትከስር ጫፍ ደርሳ ነበር። ራሞንስ የተባሉት ልጆች የጀመሩበት ሲቢጂቢ የሚባለው መጠጥ ቤት ባወሪ መንገድ ላይ ነው፤ ያኔ የሰካራምና የቤት አልባ ሰፈር፣ ኪራዩም ርካሽ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1976 ሲወጣ 14 ዘፈን ይዞ 30 ደቂቃ አይሞላም። እንግሊዝም በዚያው ሰሞን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሥራ አጥ ነበራት። ሰው ፓንክ ከንዴት መጣ ይላል። ንዴትማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! የሚጠፋው ቦታ ነው። ዋጋ ሲወድቅ፣ ባለቤቱ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ባዶ ቤት ይገኛል። እኛን ባንድ ያደረገን የቡና ዋጋ ነው። ይሄን ለሐጂ ልጅ ስነግራት "አባቴ እንቅልፍ አጥተው ያደሩበትን ዓመት ነው እንደ ሠርግ የምታወራው" አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኛ ጥሩ ዓመት የእሳቸው ክፉ ዓመት ነበር።

ሐጂ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ሰጡን። አዛን ሲሰማ እንድናቆም። በሩን ደግሞ ዘግተን እንድንሄድ። በአዛን ጉዳይ አንድ ቀን አላጠፋንም፤ ድራመሩ ራሱ ሰጋጅ ነው፣ በርሜሉን ጥሎ የሚሮጠው እሱ ነው። ሰፈርተኛው ሽማግሌ ልኮ "ሐጂ፣ እነዚህን ልጆች አስወጡልን፣ አበዱ" ሲላቸው የመለሱትን ልጃቸው ዛሬ አስመስላ ነገረችን፦ "እነሱ ከመጡ ወዲህ አይጥ የሚባል አላየሁም። ድመት እንኳ ይሄን አልሠራችልኝም።"

ዋናው ዘፈናችን "ጅማ አምስት" ነበር። የቡና ሰው ያውቀዋል። በፀሐይ የደረቀ፣ ያልታጠበ፣ አምስተኛ ደረጃ የተሰጠው የጅማ ቡና በንግዱ ዓለም ስሙ ይሄ ነው። ግጥሙን የጻፈችው ዘፋኛችን ናት፤ እናቷ ለቃሚ ነበሩ።

አልታጠብንም ጌታው፣ አልተለቀምንም፣
አምስተኛ ብትሉን ቅር አይለንም።

ይሄን እየደጋገመች ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች። የሐጂ ልጅ ዛሬ ቃል በቃል አለችልን። ለቃሚዎቹ ሴቶች ሳቁ። አንዷ "እውነት ነው፣ ማን አጠበን" አሉ፤ ሥራቸውን ሳያቆሙ።

ካሴቷ የተገኘችው የድሮ ደረሰኞች ካርቶን ውስጥ ነው። ከላዩ ላይ በሐጂ እጅ ጽሑፍ "ጩኸት" ተብሎ ተጽፎበታል።

ቅዳሜ

ቤዝ መቺያችን ከአጋሮ መጣ። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እሱ ግን ለሠርግ ካልሆነ አይመጣም። የታሪክ አስተማሪ ነው። ገና ከሚኒባስ ሳይወርድ "ጅሬን ካልወጣን" አለ። ወጣን። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእንጨት የተሠራ፣ ሰገነት ያለው፣ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ነው። ንጉሡ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገዝተዋል። አስተማሪው ብዙ አስረዳን። እኔ ሐሳቤ ካሴቷ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማጫወቻ ማግኘት አስቸገረ። በመጨረሻ ድራመሩ ጥገና ቤት አንድ የሞተ ቴፕ ነበር፤ ለሊቱን ሲሠራው አድሮ ላስቲኩን ከባጃጅ ዕቃ ቆርጦ ተካለት። ማታ ጥገና ቤቱን ዘግተን ተቀመጥን። ዘፋኛችን በስልክ በቪዲዮ ገባች። ጀርመን ናት። በመጀመሪያ ቤይሩት ሄደች፤ ባንዱ ያን ጊዜ ነው እግሩ የተሰበረው። አሁን ሁለት ልጆች አሏት፤ እነሱም ከኋላዋ ይታያሉ።

ካሴቷ ተከፈተች። መጀመሪያ ዝናብ። ረጅም ዝናብ። ከዚያ የድራመሩ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" የሚል ድምፅ፤ አራት ሳይል ገባ። አስተማሪው ሳቀ፦ "አራትን መቼም አትላትም ነበር።"

እዚህ ላይ ትንሽ ሙዚቃ ላውራ፣ የማይወድ ይዝለለው። የፓንክ ምት ቀጥ ያለ ነው፤ አራት አራት ይቆጠራል። የእኛ ድራመር ግን ሰርግ ላይ ያደገ ልጅ ነው። ሲፈጥን ሳያውቀው ወደ ችክችካ ይንሸራተታል፤ በስድስት ይቆጥራል። እኔ በአራት እመታለሁ፣ እሱ በስድስት። ሁለታችን በየትኛው ቦታ እንደምንገናኝ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ግን እንገናኛለን። ካሴቷ ላይ ስሰማው ከዘፈኑ ሁሉ የሚጥመው እሱ ሆኖ አገኘሁት።

ሌላው ጊታሩ ነው። የፓንክ ጊታር ብዙ ጊዜ ሁለት ኖታ ነው የሚይዘው፤ መነሻውንና አምስተኛውን። ዜማው የደስታ ይሁን የሐዘን የሚያስታውቀው ሦስተኛው ኖታ ይቀራል። ለእኛ ይሄ በረከት ነበር። ዘፋኟ ትዝታ ብትገባ፣ ባቲ ብትገባ፣ አምባሰል ብትገባ ጊታሩ አይጣላትም፤ ሦስቱም ውስጥ ያ አምስተኛው ኖታ አለ። አንቺ ሆዬ ላይ ግን የለም። እዚያ ስትገባ ጊታሩና ድምፅዋ ይፋጫሉ፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። "ጅማ አምስት" በአንቺ ሆዬ ነው። ሆን ብላ ነው ያደረገችው። ዛሬም በስልክ "ያን ቦታ ደግሙት፣ ደግሙት" ትላለች።

አዘፋፈኗም ቀረርቶ ነው። ከእንግሊዝ ልጅ አልተማረችውም። አባቷ ፉከራ ያውቁ ነበር፤ እሷ ከሳቸው ወሰደችው። "ሴት ልጅ አትፎክርም" ያላት ሰው ብዙ ነው። ምን ብላ መለሰች ብትሉኝ፣ ፎከረችበት።

ፉከራና ፓንክ ዘመድ መሆናቸውን እኛ ብቻ አይደለም ያየነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱ ታላቅ ሰው ናቸው። በ1949 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀመሩ፤ መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይወጡ ነበር። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ አለ፤ ከ1979 ጀምሮ የሚጫወት። እነዚህ ሰዎች በ2002 ኢትዮጵያ መጥተው ዞረው ተጫወቱ። በ2004 ደግሞ የባንዱን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዟቸው። ጌታቸውም ፓንኮቹን ሰምተው አብሬያችሁ ልቅዳ አሉ። በ2006 አብረው አልበም አወጡ፣ ዓለምን ዞሩ። ሽማግሌው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ከፈረንጅ ጯሂዎች ጋር ቆመው ሽለላ ሲነፉ በቪዲዮ ያየሁ ቀን ብቻዬን ጮኼ ሳቅኩ። እኛ መጋዘን ውስጥ በተሰበረ ዕቃ የምንታገልበትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ አስረውታል።

የካሴቷ ሁለተኛ ገጽ ኮንሰርቱ ነው። የፋሲካ ማግስት መጋዘኑ ውስጥ ያደረግነው። ሊስትሮዎች፣ ወያሎች፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሁለት ሰካራሞች። መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም፤ የሌለው በነፃ። ተማሪዎቹ መገፋፋት ጀመሩ፣ ወያሎቹ እስክስታ። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም ብሎ የሚያስብ ያላየ ነው። አራተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። ካሴቷ በባትሪ ስለነበረች አልቆመችም። የሚሰማው እንዲህ ነው፤ ጊታሬ ትሞታለች፣ ሞንታርቦው ይሞታል፣ በርሜሉ ግን ይቀጥላል፣ እሷም ያለ ማይክ ትቀጥላለች፣ ከዚያ ሕዝቡ "ቅር አይለንም" የምትለዋን ይዞ ይነሳል። ጀርመን ያሉት ልጆቿ "ማማ፣ ያ አንቺ ነሽ?" አሏት። እሷ መልስ አልሰጠችም፤ ካሜራውን ወደ ጣሪያ አዞረችው።

እሁድ

ዝናብ ሳያባራ ዋለ። ፈረንጅ አራዳ አንድ ካፌ ተቀመጥን፤ ጣሊያን የሠራው አሮጌ ሕንፃ ሥር። ወሬው መጣ መጣና ኪቦርዱ ላይ ደረሰ።

እንዲህ ነው የሆነው። ዘፋኟ ቤይሩት ከሄደች በኋላ ለጥቂት ወራት ሠርግ ላይ ልንሠራ ሞከርን። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አጎት መጥቶ ሙሉ ሒሳባችንን ከፈለን፤ እንድናቆም። ምግቡንም በሉ አለን፣ ጨዋ ሰው ነው። በዚያው ሰሞን ቤዝ መቺያችን ኪቦርድ ገዛ። በዱቤ። ከዚያ ቅዳሜና እሁድ አይገኝም። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፤ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይከፈለዋል። የቡና ዋጋም ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ ሐጂ መጋዘኑን ለቡና ፈለጉት። ባንዱ እንዲህ ነው ያለቀው። ፖሊስ አልመጣም፣ ማንም አልከለከለንም።

"ሁለት እህቶቼን ኮሌጅ ያስተማርኩት በእሱ ነው" አለ አስተማሪው፤ ማኪያቶውን እያማሰለ። "አንተ አዲስ አበባ ሄደህ ጊታር ስትመታ እኔ እዚህ አባወራ ነበርኩ።"

ምን እላለሁ? ልክ ነው። ኪቦርዱን ግን አሁንም አልወደውም። ይሄንንም ነገርኩት። "እኔም አልወደውም" አለ። ድራመሩ ሳቀና ሒሳቡን ከፈለ።

ሰኞ

ጠዋት ካሴቷን ለመውሰድ መጋዘኑ ሄድኩ። አዲስ አበባ የማውቀው ስቱዲዮ አለ፤ በደንብ አጽድቶ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጥልኛል። የሐጂ ልጅ ሚዛን ላይ ቆማለች። ጥያቄዬን ሰማች፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

"ካሴቷ የት ተቀዳች?" አለችኝ።

"እዚህ።"

"ኪራይ ከፍላችኋል?"

"አባትሽ አልጠየቁንም እኮ።"

"እሳቸው አልጠየቁም። እኔ ደብተሩን አየሁት፤ የሁለት ዓመት ኪራይ አልገባም።" ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። ድራመሩ ከኋላዬ ሊፈነዳ ደርሷል። "ካሴቷ እዚህ ትቆያለች፤ መያዣ ናት። በስልክህ የቀዳኸው ይበቃሃል። መስከረም ላይ አሮጌው ቡና ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ መጋዘኑ ባዶ ነው። መጥታችሁ ትጫወታላችሁ፣ ሒሳቡ ይዘጋል።"

ለዘፋኟ ደወልንላት። እዚያም ገና ማለዳ ነበር። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው የቲኬት ዋጋ ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ "ያቺ የተቀደደች ሞንታርቦ አለች?" የሚል ነው። ድራመሩ አከራዩን ሊፈልግ ባጃጁን አስነሳ። አስተማሪው ከአጋሮ መልእክት ልኮልኛል፦ ቤዝ ክራሩን ከጣሪያ ላይ አውርዶታል፣ አይጥ ግማሽ ክሩን በልታዋለች።

የሐጂ ልጅ ይሄን ስነግራት "ታዲያ እዚህ ብታስቀምጡት አይበላም ነበር" ብላ ወደ ሚዛኗ ዞረች።